ኩርፊያ በካሜራ ሲታይ፦ ፊልም የተቀያየመ ቤተሰብን ያለ ንግግር እንዴት ያሳያል?

በሰሜን ሸዋ የቤተሰብ ጠብ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም። ጩኸቱ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ኩርፊያው ግን ይከርማል። አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ፣ ከአንድ መሶብ እየበሉ፣ ሰላምታ ሳይለዋወጡ ወራት ያልፋሉ። መልእክት ካለ በእናት በኩል ነው። «ለአባባ ንገሪያቸው» ይላል ልጅ። «ለዚያ ልጅሽ ንገሪው» ይላሉ አባት። ሁለቱም እዚያው ናቸው። ሁለቱም ሰምተዋል።

እንዲህ ያለውን ነገር ፊልም እንዴት ያሳየው? ሰዎቹ አያወሩም። ቢያወሩም ስለ ከብቱና ስለ ውርጩ ነው። ብዙዎቹ ድራማዎቻችን መላ ያደረጉት ዝምታውን ማፍረስ ነው። ልጅ ብድግ ብሎ የልቡን ሁሉ ይዘረግፋል፤ እናት ያለቅሳሉ፤ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ተመልካች ታሪኩን ይሰማል፣ ኩርፊያውን ግን አያየውም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሰው አፉን ዘግቶ የሚደብቀውን ማሳየት ካሜራና ኤዲቲንግ (የተቀረጸውን መርጦ መቁረጥና መቀጠል) አሳምረው የሚችሉት ሥራ ነውና።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ አንድ ቤተሰብ ልፍጠር። ቤቱ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ የድንጋይ ቤት፣ መሃሉ ላይ ምሰሶ፣ አንድ በር፣ አንዲት ትንሽ መስኮት። መሬታቸው ለፋብሪካ ተወሰደና ካሳ ተከፈለ። አባት ከገንዘቡ አብዛኛውን ለታላቅየው ልጅ ሰጡት። ታናሽየው ምንም አላለም። ልብሱን ሸክፎ ሸዋ ሮቢት ወረደና ሥራ ያዘ። አሁን ለበዓል መጥቷል። ታሪኩ ይኸው ነው። ገንዘቡን የሚያነሳ ሰው የለም።

ዳይሬክተሩና ካሜራማኑ መጀመሪያ የሚወስኑት አባትና ልጅ በአንድ ፍሬም አብረው ይታዩ ወይስ ለየብቻ የሚለውን ነው። ፍሬም ማለት ስክሪኑ የሚያሳየን አራት ማዕዘን ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ለተመልካች የለም። አባት በምስሉ ብቻቸውን፣ ልጅም በምስሉ ብቻውን ከታዩ፣ የአንዱ ትከሻ እንኳ ወደ ሌላው ምስል ካልገባ፣ ሁለት የተለያየ ቤት ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። በእውነቱ በመካከላቸው ሁለት ክንድ እንኳ ላይኖር ይችላል። ተመልካች ርቀቱን በሜትር አይለካውም። አብረው ስላላያቸው ብቻ መራራቃቸው ይሰማዋል።

አብሮ ማሳየትም የራሱ ጉልበት አለው። ካሜራው ወደ ኋላ ሸሽቶ ምሰሶውን መሃል ላይ ቢያደርግ አባት በግራ፣ ልጅ በቀኝ ይቀራሉ። ምሰሶው ምስሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ሆን ተብሎ የተደረገ አይመስልም፤ ምሰሶው ድሮም እዚያው ነበር። እንዲህ ያለ ቀረጻ ደስ ይለኛል። የቤቱን ዕቃ ለታሪኩ ያውለዋል።

ኢራናዊው አስጋር ፋርሃዲ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ኤ ሴፓሬሽን» በተሰኘው ፊልሙ ይህን ብልሃት ከዳር አድርሶታል። ሲጀምር ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊት ለፊት ወደ ካሜራው እያዩ ይከራከራሉ። ዳኛውን አናየውም፣ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ካሜራው በዳኛው ቦታ ስለሆነ ነገሩን የምንዳኘው እኛ ተመልካቾች እንሆናለን። ሾቱ (ሳይቋረጥ የሚታየው አንድ ቀረጻ) ሳይቆረጥ ደቂቃዎች ይቆያል፤ አንዱን ትተን ሌላውን እንድናይ የሚረዳን ከት፣ ማለትም ከአንድ ሾት ወደ ሌላ መቁረጥ፣ የለም። ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ልጃቸው ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ ለዳኛው ልትናገር ትቀራለች፤ ወላጆቿ ኮሪደር ላይ ይጠብቃሉ። አንዱ ከመስታወት ክፍልፋይ ወዲህ፣ አንዷ ወዲያ። የልጅቷን መልስ አንሰማም። መስታወቱ ግን ሲጀመር ጎን ለጎን ያየናቸው ሰዎች የት እንደደረሱ ነግሮናል።

ሌንስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ተመልካች የማያስተውለው እሱን ነው። እንደ 24 ሚሊ ሜትር ያለ ሰፊ ሌንስ (ብዙ ቦታ የሚያስገባ) ይዘን አባት አጠገብ እንጠጋ። አባት ከፊት ገዝፈው ይታያሉ። በሩ አጠገብ የቆመው ልጅ ኮስሶ ይርቃል። ሦስት ሜትር የማይሞላው ቤት ሜዳ ያህል ይሰፋል። አሁን ደግሞ 85 ወይም 135 ሚሊ ሜትር ረጅም ሌንስ (ሩቁን የሚያቀርብ) አድርገን ከሩቅ እንቅረጻቸው። ያው አባትና ያው ልጅ የተጣበቁ ይመስላሉ፤ በመካከላቸው ያለው አየር ይጠፋል፤ ቤቱ ያፍናል። መራራቅን ልናሳይ ከፈለግን የመጀመሪያው ይሻላል። መሸሻ ማጣትን ከሆነ ሁለተኛው። ጠባብ ቤት ውስጥ ረጅም ሌንስ ለመጠቀም ደግሞ ካሜራማኑ ደጅ ወጥቶ በበሩ አሻግሮ መቅረጽ ይኖርበታል። ያኔ የበሩ ጠርዝ በምስሉ ግራና ቀኝ ይገባል፤ እኛም ወደማይመለከተን ጉዳይ አጮልቀን የምናይ ይመስለናል። ለቤተሰብ ምሥጢር ይህ ስሜት በጣም ይስማማል።

ፎከስም፣ ማለትም በምስሉ ላይ የቱ ጠርቶ የቱ ደብዝዞ እንደሚታይ፣ የራሱን ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ለአንድ የባንክ ሰው አሳልፋ የምትሰጥበትን ወረቀት ትፈርማለች። እናት ከባንኩ ሰው ጋር ከፊት ናት። የሚቃወመው አባት መሃል ላይ ነው። ከኋላቸው በመስኮቱ ውስጥ ልጁ በረዶ ላይ ይጫወታል። ሲኒማቶግራፈሩ (የቀረጻው ኃላፊ) ግሬግ ቶላንድ ከፊት እስከ ኋላ ሁሉንም ጥርት አድርጎ ቀርጾታል። ልጁ ምን እየተወሰነበት እንደሆነ አያውቅም። እኛ ግን ውሳኔውንም ጨዋታውንም በአንድ ምስል እናያለን። ፎከሱ ወላጆቹ ላይ ብቻ አርፎ ቢሆን ኖሮ የልጁን መኖር እንረሳው ነበር። የሌሎችን ፊት አድበስብሶ አንዱን ብቻ ማጥራትም ይቻላል፣ ግን የትኛው ሰው እንደሚረሳ እያወቁ መሆን አለበት።

በኛ አካባቢ ለሚቀርጽ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ብርዱ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ማታ ማታ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ነው የሚቀመጠው። አፍ አይታይም፣ እጅ አይታይም። ለቀረጻ እንቅፋት ይመስላል። እኔ ግን ትልቅ ዕድል ነው እላለሁ። ዓይን ብቻ ሲቀር ተመልካች ዓይንን ማንበብ ይጀምራል። አባት ጋቢውን ከአፋቸው ዝቅ ሲያደርጉ ሊናገሩ ነው ብለን እንጠብቃለን። ትንሽ ቆይተው መልሰው ከሸፈኑት፣ ሊሉት የነበረው ነገር ቀረ ማለት ነው። ይህን በክሎዝ አፕ (በጣም አቅርቦ በሚያሳይ ቀረጻ) ያሳየ ሰው የሁለት ገጽ ንግግር ተርፎታል።

ብርሃኑም እንዲሁ። አንድ በር ባለው ቤት ካሜራውን ለደጁ ብርሃን ካስተካከሉት ውስጡ ይጨልማል፤ ለውስጡ ካስተካከሉት በሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ታናሽየው ሲገባ ከውስጥ ሆነን ለደጁ ብርሃን አስተካክለን ብንቀርጸው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው የሚታየው። ማን መጣ? ዓይኑ? አፍንጫው? አይለይም። አባትም የሚያዩት ይህንኑ ነው። ካሜራማኑ አምፖል ጨምሮ የልጁን ፊት ቢያበራው ምስሉ ያምር ይሆናል፤ የአባት እይታ ግን ይጠፋል።

የካሜራ ከፍታን በአጭሩ ልለፈው፤ ከታች የተቀረጸ ኃያል፣ ከላይ የተቀረጸ ደካማ የሚባለው ሕግ ሁልጊዜ አይሠራም። ጃፓናዊው ያሱጂሮ ኦዙ ካሜራውን መሬት ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ገደማ አድርጎ ይተወዋል፤ ከቦታውም እምብዛም አያነቃንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1953 በሠራው «ቶኪዮ ስቶሪ» ሽማግሌ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከተማ ይመጣሉ፤ ልጆቹ ጊዜ የላቸውም። ማንም ወላጆቹን አይሰድባቸውም። ካሜራው ዝቅ ብሎ ከነሱ ጋር ይቀመጣል፤ ልጆቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ይቻኮላሉ። በኛ ቤት መደቡ ላይ ወይም ዱካ ላይ በተቀመጠ ሰው ልክ ካሜራ ቢደረግ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። ቆሞ የሚያልፈው ሰው ከወገቡ በላይ ይቆረጣል፤ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ሙሉ ይሆናል።

አሁን ወደ ኤዲቲንግ እንምጣ። ብዙ ሰው ኤዲተር የሚያወራውን ሰው እየተከተለ የሚቆርጥ ይመስለዋል። በተኳረፈ ቤት ግን ዋናው ነገር ያለው የሚሰማውና የሚያየው ሰው ፊት ላይ ነው።

የበዓሉን ምሳ እንውሰድ። ዶሮ ወጥ ቀርቧል። አባት እንጀራ ቆርሰው ጠቀለሉና ለታላቅየው አጎረሱት። ተራ ኤዲተር እጁንና አፉን በክሎዝ አፕ ያሳየናል። ፍቅር አየን፤ አለቀ። ጎበዙ ግን ሌላ ያደርጋል። የአባት እጅ መጠቅለል ሲጀምር ወደ ታናሽየው ፊት ይቆርጣል። ጉርሻውን አናየውም። የምናየው ልጁ እጁን በዓይኑ ሲከተል ነው። ዓይኑ ከመሶቡ ተነስቶ ወደ ጎን ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ከዚያ ወደራሱ ፊት ለፊት ይመለሳል። ጉርሻው የት እንደገባ አወቅን። ልጁ ጠብቆ እንደነበርም አወቅን። ምናልባት እሱ ራሱ ያላወቀውን ነው ያወቅነው።

እዚህ ላይ ጥያቄው ስንት ጊዜ ልቆይ የሚለው ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ልጁ ዓይኑን እንደመለሰ ወዲያው ከተቆረጠ ተመልካች መረጃ ብቻ ያገኛል። ሌላ ሁለት ሰከንድ፣ ማለትም 48 ምስል፣ ፊቱ ላይ ከተቆየ ግን ልጁ ፊቱን ለማስተካከል ሲታገል እናያለን። ያቺ ትግል ናት ትዕይንቱ። አምስት ሰከንድ ከተቆየ ደግሞ እዘኑለት እየተባልን እንደሆነ ይገባናል፣ ልባችንም ይሸሻል። ለዚህ ቀመር የለም። ኤዲተሩ ደጋግሞ እያየ የሚያገኘው ነው።

ቀጥሎ ወደ ማን ይቆረጥ? እኔ ብሆን ወደ እናት። እናት ታናሽየውን እያዩት ነው። በዚህች አንዲት ከት የሁለት ሰው ቅያሜ የሦስት ሰው ይሆናል። እናት ፈጠን ብለው ይጠቀልላሉ፣ እጃቸውን ወደ ልጁ ይዘረጋሉ። የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም። ልጁ አፉን ይከፍታል፤ ዓይኑ ግን አባቱ ላይ ነው። አባት ደግሞ ወጡን እያዩ ነው። ይህን ሁሉ ለማሳየት አንድ ቃል አላስፈለገም።

ይህ የሚሠራበት ምክንያት ከ100 ዓመት በፊት ጀምሮ ይታወቃል። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ ስሜት የማይነበብበትን የአንድ ተዋናይ ፊት ከተለያዩ ምስሎች ጋር አጣምሮ ለተመልካች አሳየ ይባላል፤ አንዴ ከሾርባ፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር። ፊቱ ያው ነው። ተመልካቾች ግን በአንዱ ረሃብ፣ በሌላው ሐዘን አየን አሉ። ሰው ሁለት ምስል ተከታትሎ ሲያይ በመካከላቸው ያለውን ራሱ ይሞላል። ስለዚህ ተዋናዩ ብዙ ማልቀስ የለበትም። በትክክለኛው ቦታ ከተቆረጠ እኛው እናለቅስለታለን። ታዋቂው አሜሪካዊ ኤዲተር ዋልተር መርችም አንድ ከት ጥሩ የሚሆንበትን ሲመዝን ስሜትን ከሁሉ አስቀድሞ 51 በመቶ ይሰጠዋል። የታሪኩ መቀጠልና የእንቅስቃሴው መገጣጠም ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት።

የዓይን አቅጣጫንም ልብ በሉ። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንዱ በምስሉ ወደ ቀኝ ካየ፣ ሌላው ወደ ግራ ያያል። እንዲህ ሲሆን ዓይን ለዓይን የተያዩ ይመስለናል። ለዚህም ካሜራው በሁለቱ መካከል የተሰመረችውን ምናባዊ መስመር ሳይሻገር በአንድ ወገን ይቆያል። ኤዲተሩ ሆን ብሎ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩበትን ሾት ካጋጠመ ግን እይታቸው አይገናኝም። ተመልካች ሕጉን ባያውቅም አንድ ነገር እንደተዛነፈ ይሰማዋል። ሲበዛ ግን ግራ ያጋባል፤ በአንድ ፊልም ውስጥ አንድ ቦታ ይበቃል።

ድምፅና ምስልም የግድ አብረው መቆረጥ የለባቸውም። ልጁ ደጅ ቆሞ ለእናቱ «ነገ ማለዳ እሄዳለሁ» ሲል ድምፁን እየሰማን ውስጥ የተቀመጡትን አባት ብናይ፣ ቃሉ ለማን እንደተወረወረ ይገባናል። መነሻዬ ላይ ያነሳሁት በእናት በኩል የሚያልፍ መልእክት በፊልም ቋንቋ ይኸው ነው።

መለያየትን በቦታ ማሳየት ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ታሪክ ሠሪ የተሰጠ ሀብት ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከውርጭ ወደ ሙቀት። አባት በርኖስ ደርበው ከሰል ላይ እጃቸውን ሲያሞቁ አሳይተን፣ ወዲያው ልጁ በካናቴራ ላቡን ሲጠርግ ብንቆርጥ፣ የአንድ ቤት ሰዎች በሁለት ዓለም እንዳሉ ይታያል። ሁለቱ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይነካል፤ ሁለቱም ስልክ አንስተው፣ ስም አይተው፣ ሳይደውሉ ሲያስቀምጡ። ኤዲቲንጉ የሚያገናኛቸው እነሱ ባልተገናኙበት ሰዓት ነው። ኃይሌ ገሪማ ደግሞ በ«ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) ይህን በትዝታ ሠርቶታል። ከጀርመን ወደ ገጠር እናቱ ቤት የተመለሰው ምሁር ያሳለፈው ሁሉ እየተቆራረጠ አሁን ባለበት ላይ ይገባል። እናቱ አጠገቡ ናቸው፤ እሱ የሚያየውን ግን አያዩም። በአንድ ቤት ሆኖ መራራቅ እንዲህም አለ።

ቅያሜ በአንድ ቀን አይገነባም፣ ፊልም ግን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ለዚህ መፍትሔው አንድን ልማድ እየደጋገሙ ማሳየት ነው። «ሲቲዝን ኬን» ላይ የአንድ ትዳር ዓመታት በጥቂት ደቂቃ የቁርስ ትዕይንት ያልፋሉ። መጀመሪያ ባልና ሚስት ተጠጋግተው ይሽኮረመማሉ። ከዚያ በየከቱ ልብሱ ይቀየራል፣ ንግግሩ ያጥራል፣ ይሻክራል። መጨረሻ ላይ በረጅሙ ጠረጴዛ ሁለት ጫፍ ዝም ብለው ጋዜጣ ያነባሉ። ባሏ የጋዜጣ ባለቤት ነው፤ የእሷ ጋዜጣ ግን የተፎካካሪው ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ ከቡና የተሻለ ምን አለ? አንድ ረከቦት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ የካሜራ አቀማመጥ። የመጀመሪያው ዓመት ቡና ላይ አምስት ሰው። ከዚያ አራት። ከዚያ አባት ከአቦል በኋላ ይነሳሉ። ከዚያ እናት ለማን እንደሚቀዱ ሳያውቁ አምስት ሲኒ ይደረድራሉ። ካሜራው በየዓመቱ ቦታውን ካልቀየረ የጎደለውን ሰው የምንቆጥረው እኛ ነን።

በእጅ ስለሚያዝ ካሜራ ብዙ አልልም። የዴንማርኩ ቶማስ ቪንተርበርግ «ፌስተን» (እ.ኤ.አ. 1998) ላይ በአንድ አባት 60ኛ ዓመት ልደት የቤተሰቡ ገመና ሲገለጥ ካሜራው እንግዶቹ መሃል ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ይሠራል። ለኩርፊያ ግን የቆመ ካሜራ ይሻላል። የተኳረፈ ቤት ውስጥ ማንም አይንቀሳቀስም።

አንድ እውነት አለ፤ ዛሬ አብዛኞቻችን ፊልም የምናየው በስልክ ነው። በመዳፍ ስክሪን ላይ ምሰሶው ክብሪት ያህላል፣ የአባት ዓይን አይታይም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሁሉን በክሎዝ አፕ ይሞሉታል። ጊዜና ገንዘብ ሲያጥርም ሁለት ሰው አስቀምጦ ፊት ለፊት እያፈራረቁ መቅረጽ ይቀላል። አልወቅሳቸውም። ግን ሁሉም ፊት ሁልጊዜ ትልቅ ከሆነ፣ የእውነት መጠጋት ሲያስፈልግ የሚጠጉበት ቦታ አይተርፍም። የምትወዱትን ድራማ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ከገባችሁ ካሜራውና ኤዲቲንጉ ሠርተዋል። ምንም ካልገባችሁ ሸክሙ ሁሉ ምላስ ላይ ነበር።

እርቁ ላይም ይኸው ጣጣ ይመጣል። ሽማግሌ ይገባል፣ ልጅ ዝቅ ብሎ የአባቱን ጉልበት ይስማል። ፈተናው እንባውን በክሎዝ አፕ ማሳደድ ነው፤ አባት ብቻቸውን፣ ልጅ ብቻውን፣ እናት ብቻቸውን። እንዲህ ከተቆረጠ ግን አሁንም ለየብቻ ናቸው፤ ታረቁ የሚለን ሽማግሌው ብቻ ነው። ኤዲተሩ እስከዚህ ድረስ አባትንና ልጅን ተጠጋግተው በአንድ ፍሬም ካላሳየን፣ አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስገብቶ ሳይቆርጥ ቢቆይ መታረቃቸውን በዓይናችን እናያለን። ለዚህ ደግሞ ዳይሬክተሩ ገና በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ያንን ሾት ቆጥቦ ማስቀመጥ አለበት። ሲገቡ፣ ሲበሉ፣ ሲወጡ እያለ አስቀድሞ ካባከነው፣ እርቁ ላይ ሙዚቃውን ከፍ ከማድረግ ሌላ የሚቀረው ነገር የለም።